የስፌት መኪናው ምት

ትርሲት የመጀመሪያ ነጠላ ዘፈኗን የለቀቀችው ከቀኑ ስድስት ሰዓት ላይ ነበር። ሰባት ሰዓት ሳይሞላ የሐዋሳ ባጃጆች እያስጮኹት በሰፈሩ ማለፍ ጀመሩ። እሷም ስልኳን ይዛ በበሩና በእናቷ የስፌት መኪና መካከል ትሮጣለች።

«እማ፣ አራት ሺህ ሰው ሰምቶታል!»

እናቷ ቀና ሳትል ፔዳሉን ትረግጣለች። መኪናው ግን ድምፅ የለውም። በዚህ ዘመን ዘፈን ውስጥ የገባ ድምፅ ከነበረበት ቦታ ይጠፋል፤ የትርሲት ምት ደግሞ የተሠራው ከዚሁ መኪና ቀጭ ቀጭ ከሚል ድምፅ ነው። ስትለምናት እናቷ «ውሰጂው፣ ጆሮዬም ይረፍ» ብላ ስቃ ነበር የፈቀደችላት።

አሁን እናቷ የሰፋችውን ቀሚስ ብታነሳው እጅጌው ተለይቶ ወደቀ። ክሩ ከተበጠሰ ቆይቷል፤ መርፌው እስካሁን ጨርቁን ያለ ክር ሲበሳ ነበር።

«ለካ ክር መበጠሱን የማውቀው በጆሮዬ ኖሯል» አለች እናቷ፣ እጅጌውን እያገላበጠች።

ትርሲት ክው አለች። ዘፈኑን ዛሬውኑ ካጠፋችው ድምፁ ወደ መኪናው ይመለሳል፤ ከነገ ጀምሮ ግን አይሆንም።

«ላጥፋው እንዴ?» አለች፣ ስልኳን እያየች።

«አብደሻል? ሰፈሩ እየጨፈረበት!» እናቷ መርፌው ውስጥ ክር አስገባች። «ይልቅ በርጩማ ሳቢና ቁጭ በይ። ከዛሬ ጀምሮ ክሩን የምታዪልኝ አንቺ ነሽ።»

ትርሲት ተቀመጠች። ወዲያው አንድ ባጃጅ ዘፈኗን እያስጮኸ በደጅ ሲያልፍ ብድግ አለች።

«ክሩን!» አለች እናቷ፣ በዘፈኑ ምት ፔዳሉን እየረገጠች።