ከሯጩ ጀርባ የቆመችው መኪና

የኮምፒዩተር መምህሩ ትምህርት ቤቱን ለዓመታት ያገለገለው በጊዜያዊ ቅጥር ነው። አማቱ ሳይቀሩ «ጊዜያዊው አማቼ» ይሉታል። እየሳቁ ይበሉት እንጂ ቀልድ ብቻ እንዳልሆነ እሱም እሳቸውም ያውቃሉ። ዘንድሮ ግን ዳይሬክተሩ ቃል ገቡለት።

«በወላጆች ቀን ልጆቹ የሠሩትን ጌም አሳየን። ደስ ካለኝ የቋሚ ቅጥርህን ወረቀት እዚያው እፈርማለሁ» አሉት።

መምህሩ ጆሮውን ማመን አቃተው። ጌም የሚለውን ቃል ሲሰሙ ጥርሳቸውን እንዳመመው ሰው ፊታቸውን የሚያጨማድዱ ሰውዬ ናቸው እኮ! ይባስ ብለው «የራሳችንን ሰፈር አሳዩበት፤ የማናውቀው ተራራ ምን ያደርግልናል?» ብለው ሐሳብ ጨመሩ። ተማሪ ስልክ ይዞ መግባት ክልክል ስለሆነ የሰፈሩ ፎቶ ሁሉ ከቢሮ በፍላሽ መጣ። ሰውዬው ሰሞኑን ጭራሽ ሌላ ሰው ሆነዋል። ለጤናዬ ነው እያሉ በእግራቸው ይመጣሉ፤ ላባቸውን በመሐረብ እየጠረጉ ቢሮ ይገባሉ።

«ስሙኝ» አለ መምህሩ ክፍል ውስጥ። «ሯጩ የትም አይሄድም። ስክሪኑ መሐል ቆሞ እግሩን ያወራጫል እንጂ። ወደ ኋላ የሚሸሸው መንገዱ ነው።»

«እንደ ስፖርት ቲቸር!» አለች ፌንጣ። «እሱም ቆሞ ነው የሚያስሮጠን።»

ክፍሉ በሳቅ አውካካ። መምህሩም እንዳይስቅ ከንፈሩን ነከሰ፤ ግን አልቻለም።

ፌንጣ ቀጭን ናት፤ አንድ ቦታ መቀመጥም አይሆንላትም፤ ስሙ የወጣላት ለዚህ ነው። ጌሙን የሠራችው እሷ ናት። ፎቶዎቹን ጎን ለጎን ገጣጥማ አንድ ረጅም መንገድ አወጣች። መጨረሻውን ከመጀመሪያው ስላጋጠመችው መንገዱ አያልቅም፤ ዞሮ ይመጣል። ዳቦ ቤቱ ያልፋል፣ ፋርማሲው ያልፋል፣ አረንጓዴው በር ያልፋል፣ ከዚያ እንደገና ዳቦ ቤቱ።

መምህሩ ጌሙን ሲሞክር አረንጓዴው በር ጋ ደርሶ ዓይኑ ፈጠጠ። በሩ ላይ የዳይሬክተሩ መኪና ቆማለች። አንድ በሯ ብቻ ቀይ የሆነ ሰማያዊ መኪና በከተማው ሌላ የለም።

ቤቱ ደግሞ የታወቀ ነው። ከታች ባሏን የፈታች ጸጉር ሠሪ ትኖራለች፤ ቆንጆ ናት፣ ጨዋታም ታውቃለች። ፎቁን የስፖርት መምህሩ ተከራይቶታል።

«ወይ ጉድ!» አለ በልቡ። «መኪናዋን እዚህ እያቆሙ ነው ለካ በእግራቸው የሚመጡት! ጤና አሉት ደግሞ!»

ቀጥሎ ግን የራሱ ጉዳይ ትዝ አለው። ዳይሬክተሩ ባለቤታቸውን ፊተኛው ወንበር ላይ እንደሚያስቀምጡ ለመላው መምህር አውጀዋል። ጌሙ ግድግዳ የሚያህል ሸራ ላይ ሊታይ ነው። በየዙሩ መኪናዋ ብቅ ልትል ነው። ሰውዬው በሚስታቸው ፊት ከተዋረዱ ወረቀቱን ማን ይፈርምለታል?

በሻይ ሰዓት የስፖርት መምህሩን ጠጋ አለው።

«ስማ፣ እናንተ ግቢ በር ላይ የማን መኪና እንደምትቆም አይተህ ታውቃለህ?»

የስፖርት መምህሩን ሻዩ ትን አለው። «ማን ነገረህ?»

«ፌንጣ በሠራችው ጌም ውስጥ መኪናዋ አለች።»

«አጥፋት! ዛሬውኑ አጥፋት!» አለ እጁን ጭምቅ አድርጎ ይዞ። «የሰው ትዳር ነው እኮ ወንድሜ!»

መምህሩ ልቡ ተነካ። ለአለቃው እንዲህ የሚቆረቆር ሰው በዚህ ትምህርት ቤት ይኖራል ብሎ አስቦ አያውቅም ነበር።

ፌንጣ ግን በጄ አላለችም። «ቲቸር፣ ሯጩ እኮ የሚዘለው እሷን ነው! መኪናዋ ከጠፋች ምን ሊዘል ነው?»

«ውሻ አድርጊለት።»

«ውሻ ይነክሰዋላ!»

«እንግዲያው አስተካክሎ ይዝለል!»

ራሱ ተቀመጠና ከጎን ካለው ግንብ ቆርጦ መኪናዋ ላይ ለጠፈ። አጉልቶ አየው፤ ምልክት እንኳ የለውም። በሥራው ኮራ።

የወላጆች ቀን አዳራሹ ጢም አለ። ዳይሬክተሩ እንደ ልማዳቸው በእግር መጥተው ላባቸውን ይጠርጋሉ። ባለቤታቸው ዘግየት ብለው፣ የመኪናዋን ቁልፍ በጣታቸው እያሽከረከሩ ገቡና አጠገባቸው ተቀመጡ።

«ልብ ብለሽ እይ እንግዲህ» አሏቸው ዳይሬክተሩ።

መብራቱ ጠፋ፤ ሯጩ ተነሣ። ዳቦ ቤቱ አለፈ፣ ፋርማሲው አለፈ። አረንጓዴው በር ሲመጣ የዳይሬክተሩ አንገት ተመዘዘ። ሯጩ ውሻውን ዘለለ፤ ወላጅ ሁሉ ሳቀ። በሁለተኛው ዙር ሰውዬው ከወንበራቸው ከፍ አሉ። በሦስተኛው ዙር ሸራውን ትተው ባለቤታቸውን ማየት ያዙ። ባለቤታቸው ያጨበጭባሉ። ከኋላ በሩን ተደግፎ የቆመው የስፖርት መምህርም ያጨበጭባል፤ ከሁሉም አስበልጦ።

«ምስኪን፣ ጭንቀት ሊገድላቸው ነው» አለ መምህሩ በልቡ።

መብራቱ እንደበራ ወረቀቱንና እስክሪብቶውን ይዞ ሄደ። ጎንበስ ብሎ በጆሯቸው ሹክ አላቸው። «አይዞዎት ጋሼ። መኪናዋን አጥፍቼልዎታለሁ። ማንም አላየም።»

ዳይሬክተሩ እስክሪብቶውን አልተቀበሉትም።

«አንተ ሰው» አሉት፣ «ያንን ፎቶ ያነሣሁት እኮ ራሴ ነኝ፤ እሷ እንድታየው!»