የቦርዱ የኋላ ጫፍ

ምንያህል ጀርመን አገር፣ ዚንድሊንገን ውስጥ በተከራያት ጋራዥ፣ ሰዎች ማዕበል ላይ ቆመው የሚንሸራተቱባቸውን ሰርፍ ቦርዶች በእጁ ይሠራል። አሠራሩ የጥንቱ ነው፤ ረጅም፣ ከባድ፣ ሙሉ እንጨት። አምና ታናሽ ወንድሙ ሳህሌ አብረው የሠሩትን ቦርድ ሊሞክር ወደ ባሕር ሄዶ በዚያው ሰጥሞ ቀረ። ከዚያ ወዲህ ምንያህል ደስታም ሐዘንም አይሰማውም። መላጊያውን ሲገፋ ይውላል፤ ይመሻል።

ቅዳሜ ረፋዱ ላይ ያለቀውን ቦርድ የፊት ጫፉን ይዞ ወደ ውጭ ያወጣው ጀመር። ሌላ ጊዜ፣ ከኋላ የሚይዝለት ሳህሌ ስለሌለ፣ የኋላው ጫፍ ወለሉን እየፋቀ ይከተለው ነበር። ዛሬ ምንም አልተሰማም፤ ክብደቱም ቀለለው።

ሚስቱ ሳሮን ምሳውን ይዛ በሩ ላይ ቆማለች።

«ቀስ በሉ፤ ግድግዳውን እንዳትነኩት» አለችው።

«ማንን ነው ‹በሉ› የምትይው?»

«እናንተን ነዋ።» ድምጿ እንደ ወትሮው ነው። «ደግሞ እሱ ደክሞታል፤ ቦርዱን አስቀምጡት።»

ምንያህል የያዘውን ጫፍ ቀስ አድርጎ ወለሉ ላይ አሳረፈና ዞሮ አየ።

የኋላው ጫፍ አሁንም በሰው ትከሻ ልክ ከፍ እንዳለ ነበር።