መጥሪያው ደርሶታል?

«ተጠርቶ እንቢ ካላለ የመያዣ ትእዛዝ አልሰጥም» አሉት ዳኛዋ መርማሪውን። ከዚያ ወደ ተጠርጣሪው እናት ዞሩ። «እማማ፣ መጥሪያው ለልጅዎ ደርሶታል?»

እናትየዋ እውነቱን ልትናገር የማለችው ገና አሁን ነበር። መጥሪያው ግን እንደታጠፈ ጉያዋ ውስጥ ነው። ልጇ እንደወጣ ከቀረ ዓመት አልፎታል። ልጄ ጠፋብኝ ብላ ፖሊስ ጣቢያ ደጅ ብትጠና፣ «ትልቅ ሰው አይደል? ሲርበው ይመጣል» ብለው ስቀው ሸኝተዋታል። ወረቀቱን ከቀሚሷ ላይ ጫን አድርጋ ያዘችው።

«በእጁ ሰጥቼዋለሁ፤ አልሄድም አለኝ» አለች።

ዳኛዋ ፈርመው ትእዛዙን ጮክ ብለው አነበቡ። «ካለበት ተፈልጎ፣ ተይዞ ይቅረብ።»

እናትየዋ እንባዋ ዱብ ዱብ እያለ እጅ ነሳች። ከትእዛዙ ሁሉ ጆሮዋ የገባችው «ተፈልጎ» የምትለዋ ቃል ብቻ ነበረች።