ከጥቁሩ ስም ሥር

«ጠንከር አድርገሽ ፈትጊው እንጂ! ድመት ነው እንዴ የምታሻሺው?» ይለኛል ጥርሶ ከመሰላሉ ሥር። አለቃዬ ነው። ድሮ የዚሁ ጄት መካኒክ ነበር። ሲስቅ ድዱ ሁሉ ስለሚታይ ነው ጥርሶ ያልነው።

እኔ መሰላሉ ላይ ሆኜ የጄቱን ጎን በብርጭቆ ወረቀት እየፈተግኩ ነው። ጄቱ ጡረታ ወጥቶ ሙዚየም በር ላይ ሊቆም ነው። ድሮ አብራሪ በተቀየረ ቁጥር በፊተኛው ስም ላይ ቀለም ይደርቡና የአዲሱን ከላይ ይጽፉ ነበር። ስለዚህ እንደ ሽንኩርት እየላጥኩት ነው። ሌሎቹን ስሞች አልፌያቸዋለሁ። የቀረው የአባዬ ነው።

አባዬ ራቅ ብሎ ወንበር ላይ ተቀምጧል። ክራቫት አስሯል በናታችሁ! ዓይኑ ደክሟል፣ ጄቱ ራሱ ጭጋግ መስሎ ነው የሚታየው። አጠገቡ እትዬ አለች። ባሏ የአባዬ ጓደኛ ነበር። በሁለት ጄት አብረው ወጥተው ባሏ ተመትቶ ወደቀ። አባዬ ነዳጁ ሊያልቅ ጠብታ እስኪቀረው ከላዩ ሲዞር፣ ሲፈልገው ቆይቶ ተመለሰ። ይሄን ታሪክ በቃሌ ነው የማውቀው። ለዚህ ውለታ ብላ እኮ ነው እትዬ እማዬ ከሞተች ጀምሮ የምታበስልልን፣ ልብሳችንን የምታጥበው። አባዬን «ወንድም ጋሼ» ነው የምትለው።

«ወጣ?» ይላል አባዬ።

«መጣ፣ መጣ! ፊደሉ ታየ!»

ስሙ በጥቁር ቁልጭ ብሎ ወጣ። እልል ልል አፌን ስከፍት ከሥሩ ሌላ ነገር አየሁ። ቀለም አይደለም። ብረቱ ላይ በምስማር ተጭሯል።

ነዳጅ ተርፎት ጓደኛውን ጥሎ የመጣ።

ቶሎ በወረቀቱ ሸፈንኩት። ጥርሶ ግን ድዱ ታይቷል።

«ምን ትደብቂያለሽ?» አለኝ ድምፁን ዝቅ አድርጎ። «እኔ ነኝ የጫርኩት። ያን ቀን አባትሽ ሲያርፍ የነዳጁን ታንክ የለካሁት እኔ ነኝ፣ ግማሹ አልተነካም። ያኔ አፍ አውጥቶ የሚናገር ማን አለ? ጫርኩና ቀለም ደረብኩበት።» ዞር አለና ጮክ ብሎ፣ «እመቤቴ፣ ይምጡ እንጂ! ወጥተው ያንብቡት!»

«እትዬ ተይ፣ መሰላሉ ይነቃነቃል!» አልኳት።

ወጣች። እጄን ከነወረቀቱ እንደ ዝንብ ገለል አደረገችው። አነበበች። ደግማ አነበበች። ከንፈሯ ብቻ ነው የሚንቀሳቀሰው።

«ምን ይላል?» አባዬ ነው።

«ስምህ ነው ወንድም ጋሼ» አለችው። ምሳ ደርሷል ስትለን ያላት ድምፅ፣ እሱው።

ፈትጌ ላጠፋው ወረቀቱን ሳነሳ የእጄን አንጓ ያዘችኝ። አጥንቴ ድረስ ተሰማኝ።

«እትዬ በናትሽ። አባቴ እኮ ነው።»

«አውቃለሁ፣ የኔ ልጅ። ቀይ ቀለም አላችሁ?»

ጥርሶ ከአፏ ቀበል አድርጎ ጣሳውን አቀበለን፣ ቀጭን ብሩሽም ጨመረበት። ብሩሹን ራሷ ያዘች። ጭረቱን ፊደል በፊደል፣ ምንም ሳትቸኩል፣ በቀይ ትሞላው ጀመር። ከበሩ የሚገባ ሕፃን እንኳን እንዲያነበው አድርጋ፣ ጉልህ ጉልህ አድርጋ።

አባዬ አንገቱን ያሰግጋል፣ ዓይኑን ያጠብባል።

«ቀይ ነው እንዴ የማየው? የኔ እኮ ጥቁር ነበር።»

«እያሳመርንልህ ነው» አለችው።

ክራቫቱን አስተካከለ። እኔ ጣሳውን ይዤላታለሁ።