የማያስታውስ ብሮውዘር

"የሚረሳ ነው የምፈልገው" አሉ ጋሽ ኪዳነወልድ፣ በባጃጅ ጭነው ያመጡትን ሲፒዩ ጠረጴዛው ላይ እያስቀመጡ። "የጻፍኩትን ሁሉ የሚረሳ ብሮውዘር።" ገና አካም ጅርቱ ተባብለው ሰላምታ እንኳ ሳይለዋወጡ ነው ወደ ጉዳያቸው የገቡት።

ኮምፒውተር ጠጋኙ ጋሮምሳ ፈገግታውን ዋጥ አደረገ። ግማሽ አዳማን ሒሳብ ያስተማሩ ሽማግሌ፣ ኢንተርኔት ላይ ምን ቢያዩ ነው ዱካቸውን የሚያጠፉት? ጋሽ ኪዳነወልድ የወጣቱ ሐሳብ ገባቸውና እስከ ጆሯቸው ጋሉ። ግን ይጠርጥረኝ አሉ በሆዳቸው፤ ከእውነቱ ይሻላል።

ጋሮምሳ ስክሪን ሰክቶ ሁለት ምርጫ አቀረበ። አንደኛው ከውጭ የሚከታተል ሰላይን ይከለክላል፤ ሌላው በተዘጋ ቁጥር የተጻፈውን ሁሉ ይደመስሳል። እሳቸውን የውጭ ሰላይ መች አሳሰባቸው። ባለቤቴ አንድ ፊደል ስትነካ የእኔን ጽሑፍ የማያወጣባት የትኛው ነው ብለው ጠየቁ።

ትናንት ባለቤታቸው ሸዋወርቅ ስብከት ልትፈልግ ኮምፒውተሩ ፊት ቁጭ ብላ ነበር። "ስ" ብላ ስትጀምር እሳቸው የጻፉት ጥያቄ ከሥሩ ዱብ አለ። መነጽሯን እስክታስተካክል ሶኬቱን ነቅለው ቫይረስ ገብቶበታል አሏት። በአርባ ዓመት ትዳራቸው ውስጥ እንዲህ ዓይን አውጥተው ዋሽተዋት አያውቁም።

ጋሮምሳ የሚደመስሰውን ጫነላቸው። የድሮውንም ሊያጸዳ እስከ ዛሬ የተጠየቁትን ዝርዝር ሲከፍት ጥያቄው ከላይ ተገኘ፦ ስንት ዓመት የጠፋ ሰው እንደ ሞተ ይቆጠራል?

የጋሮምሳ ፊት ተለወጠ። ልጃቸውን ኪሩን ያውቀዋል፤ አብረው ኳስ ተጫውተዋል። ባሕር ተሻግሮ የመን ለመግባት ከቤት ከወጣ ሰባት ዓመቱ፤ ድምፁ ከጠፋም እንዲሁ። እናቱ ዛሬም በየበዓሉ የልጇን ድርሻ ከነእንቁላሉ ከዶሮ ወጡ ለይታ ታስቀምጣለች። አባቱ ደግሞ ሞቷል ወይ ብለው ማሽን ይጠይቃሉ። ጋሽ ኪዳነወልድ ልጃቸውን በገዛ እጃቸው የቀበሩት መሰላቸው፤ ምነው የብልግና ፊልም በሆነ ብለው ተመኙ፤ ለእሱ ንስሐ አለው።

"እሷ እንዳታይብኝ ነው" አሉ አንገታቸውን ደፍተው። "እሷ እኮ አሁንም ትጠብቀዋለች። ተስፋ የቆረጥኩት እኔ ነኝ።"

ጋሮምሳ ዝርዝሩን ወደ ታች ሲያወርድ ቆየና እጁ ቆመ፤ ስክሪኑን ወደ እሳቸው አዞረው።

አስከሬኑ ያልተገኘ ሰው ፍትሐት ይደረግለታል?

ይሄን እሳቸው አልጻፉትም፤ ቤታቸው ውስጥ የሚኖሩት ደግሞ እሳቸውና ሸዋወርቅ ብቻ ናቸው። የተጻፈው ከሁለት ወር በፊት ነው፣ ማለዳ፣ እሳቸው ኪዳን ሊያደርሱ በሚወጡበት ሰዓት። በማግስቱም ተጽፏል። በሳምንቱም።

ወንበሩን ስበው ተቀመጡ። እሳቸው ቤተ ክርስቲያን ቆመው ልጄን መልስልኝ ሲሉ፣ ሸዋወርቅ ባዶ ቤት ውስጥ ብቻዋን ለቅሶ ተቀምጣ ኖሯል። ተመልሰው ሲገቡ ፊቷን ታጥባ፣ ቁርስ አቅርባ ትጠብቃቸዋለች። አንድም ቀን ዓይኗን ልብ ብለው አላዩም። አሁን ያፈሩት በዚህ ነበር፤ ከቅድሙ ኀፍረት የባሰ ሆኖ አገኙት።

"ሁሉንም ልሰርዘው፣ ጋሼ?" አለ ጋሮምሳ በቀስታ።

"አይ፣ አዲሱንም ብሮውዘር አንሳው" አሉ። "የእኔን ጥያቄ ተወው፣ ልጄ። ሸዋወርቅ ታግኘው።"