ሁለቱ ሳህኖች

አቶ አለበል ከጋይንት አዲስ አበባ ድረስ የመጡት ከልጃቸው ከደምሌ ጋር ሊታረቁ ነበር። ያለ ፈቃዳቸው ካገባ ወዲህ ከአንድ ማዕድ ቀርበው አያውቁም። ደምሌም ደስ ብሎት ፒያሳ ካለ የጣልያን ምግብ ቤት ወሰዳቸው።

አሳላፊው ፓስታውን በሁለት ሳህን አድርጎ በየፊታቸው አኖረ። አባት የዘረጉትን እጅ ሰበሰቡ።

«ዛሬም ማዕድህን ለየህብኝ?»

«ኧረ አባባ፣ የከተማው ወግ ነው! ሁሉም እንዲህ ነው የሚበላ።»

ዙሪያውን አዩ። «አገሩ ሁሉ ተጣልቷል እንዴ?» አሉና በትራቸውን ይዘው ተነሡ።

ደምሌ ሰው ሁሉ እያየው የራሱን ፓስታ በአባቱ ሳህን ላይ ገለበጠና ወንበሩን አስጠጋ። ሽማግሌው ቀስ ብለው ተቀመጡ። እጃቸውን ግን ወደ ምግቡ አልሰደዱም።

«ሚስትህንም ጥራት እንጂ፤ እሷ ሳትቀርብ አልባርክም።»