መርፌው የሚከተለው ልጄን ነው

ፊደል አልቆጠረችም ተብዬ፣ ያየሁትን ስናገር "አርጅታለች" ይሉኛል። ዓይኔ ግን ከእነሱ ዓይን ይሻላል።

ልጄ አሮጌ የመርከብ ዕቃ ይሸጣል፤ የምወለውለው እኔ ነኝ። ሰሞኑን ከሰመጠ መርከብ የወጣ ኮምፓስ ከነነሐስ ማቆሚያው አመጣ። ቁመቱ ወገቤ ድረስ ነው፤ በግራና ቀኙ ሁለት የብረት ኳሶች አሉት። የመርከቡ ብረት መርፌውን እንዳያሳስተው የተደረጉ ናቸው ይላል።

መርፌው ግን ሰሜንን እርግፍ አድርጎ ትቶ ልጄን ይከተላል። በሄደበት ይዞራል።

"ኪስህ ውስጥ ብረት ይዘሃል" አልኩት።

ኪሱን ገልብጦ አሳየኝ። "ባዶ ነው እማዬ። ወዶኝ ነው፤ ቀናሽ እንዴ?" ብሎ ሳቀብኝ።

ዛሬ ጠዋት መወልወያ ጨርቅ ሊያመጣልኝ ጓዳ ገባ። መርፌውም ወደ ጓዳው ዞረ። ወዲያው ጨርቁን ይዞ ወጣና በሩ ላይ ቆመ። መርፌው አብሮት አልመጣም፤ ከበሩ በስተግራ ያለውን የጓዳውን ግድግዳ እያመለከተ ቀረ።

"እማዬ፣ ጨርቁን የት አደረግሽው?" አለኝ ልጄ፣ ከጓዳው ውስጥ።

በሩ ላይ የቆመው ፈገግ ብሎ ጨርቁን ዘረጋልኝ። ከእጁ ውሃ ይንጠባጠባል።

"ዞር በል ከበሩ!" አልኩት። "ልጄን አሳልፈው!"